ልየው በሬዲዮ የተናገረበት ክረምት

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4

ደብዳቤው ዛሬም «ለውድ እናቴ» ተብሎ መጣ። ሐጂ ሙሳ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። የአውቶቡሱ ሾፌር ጧት አድርሶላቸው ኖሮ፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ሰው ሊልኩብኝ አልደፈሩም። «ስንት ዓመት ዕቃ ተቀብዬ ዕቃ ሰጥቻለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ የለም» አሉኝ።

እማ ካረፈች ዛሬ አሥራ አራት ቀኗ ነው። ወንድሜ ልየው አያውቅም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ለክረምት ሥራ ከተቀበላቸው ስድስት ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ለፋሲካ መጥቶ ይህን ሲነግራት እማ ተቆጣች። «ክረምቱን መጥቼ አርምልሻለሁ አላልህም? አረሙን ሬዲዮው ይነቅለዋል?» አለችው። እሱም ወጣት አይደለ፣ አኩርፎ ሄደ። የተለያዩት እንዲያ ነው።

ዛሬ የጻፈው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥራው፦ ድምፅ የተቀዳበት ክር ከክፍል ክፍል ይሸከማል፣ ከአድማጭ የሚመጣ ደብዳቤ ይለያል፣ ዜና አንባቢው እንዳይሳሳት የሰው ስም በትልልቅ ፊደል ይገለብጣል። ሁለተኛ፣ የምሥራች፦ እያንዳንዱ የክረምት ተማሪ ስለ ትውልድ አገሩ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ የእሱ ተራ እሑድ ነሐሴ 15፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በደንብ የተናገረውን ጣቢያው ትምህርቱን ሲጨርስ ይቀጥረዋል ይባላል። እማን ሬዲዮ ወዳለበት ሐጂ ሙሳ ሱቅ ውሰጂልኝ ይለኛል። ሦስተኛው ከታች፣ ለእኔ ለትሁን፣ በትንንሽ ፊደል ነው፦ «እማ አሁንም ተቀይማኛለች? እውነቱን ጻፊልኝ።»

እውነቱን!

ደብዳቤውን ይዤ አያ ታደገ ዘንድ ሮጥሁ። የእማ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከአባታችን ሞት ወዲህ አዛዣችን እሳቸው ናቸው። «አያ፣ አሁን እንኳ እንንገረው» አልኋቸው። 

«መርዶ በወረቀት ይነገራል? ሰው አገር፣ ብቻውን፣ ቢወድቅ ማን ይደግፈዋል? መርዶ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦት ነው። ለተዝካሩ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ይሰማል። እስከዚያ ሥራውን ይሥራ፤ አንቺም እንደ ወትሮሽ ጻፊ።»

እንደ ወትሮሽ ማለታቸው፣ እማ በአገውኛ እየተናገረች እኔ በአማርኛ እንደምጽፈው ማለታቸው ነው። 

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ቀደድሁ፣ በአራተኛው ሆነ።

«ይድረስ ለልጄ ለልየው። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት። ዝናቡ በርትቷል። አልተቀየምኩህም።» ከዚህ ውስጥ ላሟና ዝናቡ እውነት ናቸው። የመጨረሻዋም እውነት ናት፤ በጆሮዬ የሰማኋት ነች። የመጀመሪያዋ ግን እጄን አቃጠለችው።

መልሼ ሳነበው የዳንግላ ትምህርት ቤት የቃል ጽሕፈት መሰለኝ። ስምንተኛን ጨርሼ የእማ ጉልበት ሲደክም የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ ድርሰት ላይ አልታማም። ይህን ደብዳቤ ግን እማ የተናገረችው ነው ብሎ የሚያምን የለም። እማ እንዲህ ለስላሳ አይደለችም፤ እማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታዝዛለች። ስለዚህ ትእዛዝ ጨመርሁ፦ «በአማርኛ የምትናገረውን እነሐጂ ሙሳ ይስሙልህ። እኔ ምኑንም አልይዘው። መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል በአገውኛ በለኝ።»

አሁን እማን እማን ሸተተ። ደስ አለኝ ብል ይቅር የሚለኝ አለ? ለቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ሐጂ ሙሳ ለሾፌሩ ሰጡልኝ፤ ነገ ጧት ይሄዳል።

እሑድ፣ ነሐሴ 8

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰዉ ሁሉ ስለ ሬዲዮው ያወራል። ሾፌሩ ነው የዘራው። ከሩቅ ከጥርባ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ «የእናንተ ልጅ ሊናገር ነው አሉ» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። አገሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ሥራው ወሬ ማሰማት የሆነው ልየው ብቻ አያውቀውም። እንዴት ያለ ሥራ ነው!

ልናዘዝ፦ እቀናበት ነበር። እሱን አገር ሊሰማው፣ እኔን የምትሰማኝ ላሟ። እማ ስትታመም እንኳ «እሱ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ያመጣ ነበር» የምትል ይመስለኝና እበሳጭ ነበር። ግን አላለችም።

ምነው ሐሙስ ማታ ሄጄ ደብዳቤውን ከሾፌሩ በነጠቅሁት ኖሮ እያልሁ ነው። አሁን ደርሶታል።

እሑድ፣ ነሐሴ 15

ተናገረ።

ሐጂ ሙሳ ለሬዲዮው አዲስ የባትሪ ድንጋይ አግብተውለታል፤ ሽቦውንም ባሕር ዛፉ ላይ አስረውታል። የጠራነው ሰው የለም፤ ሱቁ ግን ሞልቶ ውጭ ዝናብ ላይ የቆመ ነበር። አያ ታደገ ወንበር ሲሰጣቸው አልቀመጥም አሉ። እኔ የጨው ከረጢት ላይ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው ስሙን ጠራ፣ ከዚያ የልየው ድምፅ። ቀጠን ብሏል፤ ሲፈራ እንዲያ ነው። ስለ ዘንገና ሐይቅ ተናገረ፣ ስለ ፈረሶቻችን ተናገረ፣ አዲስ ቅዳም ገበያን ሲገልጽ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አማርኛው ያምራል። አምስቱ ደቂቃ አለቀ አልን።

ከዚያ በአገውኛ ተናገረ።

«እማ፣ ድምፄን ሰማሽ? ስመጣ ትቆጪኛለሽ፤ እስከዚያ ደህና ሁኚልኝ» አለ። ገና ሊቀጥል ሲል ድምፁ ተቆረጠና የመሰንቆ ዘፈን ገባ።

በሬዲዮ አገውኛ ሰምቶ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም። በሌላ ቀን ቢሆን ሰዉ እልል ይል ነበር። አሁን ግን አርባ ሰው አንድ ላይ እኔን አየኝ። አንዲት ሴትዮ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ወጣች። ሐጂ ሙሳ ዘፈኑን ዘጉና «አላህ ያጥናችሁ» አሉ፤ ቀብር ላይ ያሉትን ዛሬም ደገሙት። አያ ታደገ ፊታቸውን ወደ ጨርቁ መደርደሪያ አዙረው ቆሙ።  

እኔ የጻፍሁትን ቃል በቃል ፈጸመው። ታዞ የማያውቀው ልጅ!

ሰኞ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ጎረቤት ዶሮ ወጥ አመጣልን፤ አልወረደልኝም። ዘፈኑ ለምን አቋረጠው? ቀኑን ሙሉ የማስበው ይህን ነው። አያ ታደገ «ሰዓቱ አልቆ ነው» ይላሉ። ይሁን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 19

ሰዓቱ አልቆ አይደለም።

የልየው ደብዳቤ ትናንት ማታ ደርሶ ዛሬ ጧት አነበብሁት። ንግግሩ ቀድሞ ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ማኅተም ተደርጎበት ነበር፤ ከተጻፈው ውጭ አንዲት ቃል መጨመር አይፈቀድም። ያውም ማንም በማይገባው ቋንቋ። የክፍሉ ሹም ሰኞ ጧት ጠርቶ «ምን እንዳልህ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለው። «ለእናቴ ሰላምታ ነው» ቢል አልሰማውም። መታወቂያውን ተቀብሎ አሰናበተው። ከእንግዲህ ያ በር ለእሱ የለም።

እንግዲህ የሚቀጥለውን እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «እማ፣ እንዳትናደጂ። ካላዘዝሽኝ አላደርገውም ነበር፣ ግን ደስ ብሎኛል። ሰምተሽኛል አይደል? ከሰማሽኝ ምንም አይቆጨኝ። ቅዳሜ በአውቶቡስ እደርሳለሁ፤ የቀረውን አረም አብረን እናርማለን።»

እንጀራውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ደብዳቤዬ እውነት እንዲመስል ብዬ ነው። ለአያ ታደገ ነገርኋቸው። «ውሸቱን ያዘዝሁ እኔ፣ ጨው የነሰነስሽ አንቺ። የፈሩት ይደርሳል» አሉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅዳሜ የተነገረኝ፦
ጥቁሩን ልብስ አውልቂ።
የተላጨውን ራስሽን በሻሽ ሸፍኚ።
እናቱ ጠበል ሄዳለች በይ።
አያ ታደገ ቤት ይደር፣ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ይረዳ።

እሑድ፣ ነሐሴ 22

ትናንት ከሰዓት አውቶቡሱ መጣ። እኔ፣ አያ ታደገና ሁለት ሽማግሎች ቆመን ጠበቅነው። ልየው ከስቷል፤ ኮቱ ረጥቧል። የአያ ታደገን ጉልበት ስሞ ቀና እንዳለ ዓይኑ ከኋላችን ይፈልጋል።

«እናትህ ጠበል ገብታለች። ዛሬ እኔ ዘንድ ታድራለህ» አሉት።

«ጠበል? ምን ነካት? ሰሞኑን ደህና ነኝ ብላ ጽፋልኝ!» 

«ጉልበቷን ነው፣ ጉልበቷን» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

አመነ። እንዴት አያምንም? ጉልበቷን ያውቀዋል። አያ ታደገ ቤት ገብተን እግሩን አጠብሁት። ጎንበስ ብዬ ውኃ ሳፈስ ቀስ ብሎ «ትሁን፣ በአገውኛ ስናገር ምን አለች? ሳቀች? ሁሉንም አንድ በአንድ ንገሪኝ» አለኝ።

አያ ታደገ ከላይ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። የሚባለውን አውቀው ነበር፤ አዘጋጅቼውም ነበር። ሳቀች፣ ከዚያ ሰደበችህ ልለው ነበር። ሌላ አንድ ቃል በእማ ስም ልናገር አልቻልሁም። ሻሼን ፈታሁ።

ራሴን አየ። 

«ምነው ትሁን! እስኪነጋ ምን ነበረበት!» ብለው አያ ታደገ ጮኹ፤ ከዚያ እሳቸውም ደረታቸውን ደቁ። ልየው ወዲያው አላለቀሰም። «መቼ?» አለኝ። ሐምሌ ሃያ አንድ አልሁት። እግሩ ገና ውኃው ውስጥ ነበር። በጣቱ ቆጠረ፤ ከሐምሌ ሃያ አንድ እስከ ነሐሴ አሥራ አምስት።

«ታዲያ እኔ ማንን ነው ያናገርሁ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ቤቱ ሞላ፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። ሽማግሎቹ ወግ አፈረስሽ ብለውኛል። አፍርሻለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24

ሁለት ቀን አላናገረኝም። መቃብሯ ላይ ወስጄው እንኳ።

ዛሬ ጧት ደብዳቤዎቹን ከኪሱ አውጥቶ መደቡ ላይ ዘረጋቸው። እማ ከማረፏ በፊት የጻፍኋቸውና ከዚያ በኋላ የጻፍኋት አንዷ። ጽሕፈቱ ያው ነው፤ ሁሉም የእኔ እጅ ነው።

«ይቺን ማን አለ?»

«እኔ።»

«በአገውኛ በለኝ ያለችውስ?»

«እሷንም እኔ።»

እጠብቀው የነበረው ጥፊ ነበር። ስለ ሬዲዮው ምንም አላለም። ስለ ሹሙ፣ ስለ ቀረበት ሥራ፣ ምንም። ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈ፤ አልተቀየምኩህም የምትለዋ ላይ።

«ይቺስ?»

«እሷ የእማ ናት» አልሁት። ነገርሁት። ባረፈችበት ዕለት ጧት ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ውኃ አጠጣኋት፤ ከዚያ ሳልጠይቃት «ልየውን እንዳትጠሩብኝ፣ ይሥራ። ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን የለብኝም» አለች። በአገውኛ ነው ያለችው። ከዚያ የተናገረችው ስለ ላሟ ነው። ለእሱም ልክ እንዳለችው በአገውኛ ነገርሁት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ ለምኖ የሚያይ ሰው ዓይን ነበር።

«ትሁን፣ ይህን ያለችው እሷ ናት? ወይስ ይህንንም አንቺ ነሽ?»

«እማ ትሙት!» ልለው አፌን ከፈትሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔና እሱ የምንተማመነው በዚያ ነበር፤ ያን ብሎ የዋሸ ከመካከላችን የለም። አሁን ግን የምትሞት እማ የለችም። ሌላ መሐላ ፈለግሁ፤ የለኝም።

ልየው የተከፈተ አፌን አየ፤ ምን ልል እንደነበር ገብቶታል። ደብዳቤዎቹን ሰበሰበና ያቺን አንዷን ለብቻ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። ከዚያ መኮትኮቻውን ይዞ ወደ ማሳው ወጣ። አምኖኝ ይሁን ሳያምነኝ እንጃ።