ዛፍ ያለበት ባንዲራ

ጥቅምት 6
ዛሬ ሠላሳ ሁለት ባንዲራ። የትምህርት ቤቶች ትዕዛዝ። እንደ ሁልጊዜው መሃሉ ላይ ዛፉን የምሰፋው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዛፍ ተክዬ ጥላ ያላገኘሁ ብቸኛዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። መርፌ ሁለቴ ተሰበረብኝ።
ምሳ ላይ ሬዲዮኑ ተናገረ፤ ባንዲራው ሊቀየር ነው። ኮሚቴ ተቋቁሟል። አለቃችን "ሥራ በዛልን ማለት ነው" ብሎ እጁን አፋተገ። እኔ ምን አገባኝ... ጨርቅ ጨርቅ ነው።

ጥቅምት 19
ኮሚቴው ስፌት ቤታችንን ሊጎበኝ መጣ። ሰብሳቢው፣ አንድ የታሪክ ምሁር ነኝ ባይ፣ ሦስት ራስ ነቅናቂዎች። ምሁሩ ዛፉን በጣቱ እየነካ "ይህ ከውጭ የመጣ ባዕድ ምልክት ነው" አለን።
ባዕድ? ስፌት ያስተማሩኝ ሽማግሌ ነግረውኛል እኮ። የመጀመሪያው ባንዲራ ነጭና ሰማያዊ ብቻ ነበር። ሊሰቀል ሳምንት ሲቀረው የጎረቤት አገር ባንዲራም ቁርጥ እሱን መሆኑ ታወቀ። ትርምስ ሆነ። ሽማግሌው በመስኮት አሻግረው የግቢውን ዛፍ አዩ፣ ከአረንጓዴ ጨርቅ ቆረጡ፣ ለጥፈው ሰፉት። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በኋላ የተማሪ መጽሐፍ ላይ "ከሁለት ዓመት ጥልቅ ጥናት በኋላ" ተባለ። አሁን ደግሞ ባዕድ።
ተናገርኩ። ምሁሩ ፈገግ አለ። "እህቴ፣ ማስረጃ አለሽ?"
ዛፉ እዚያው ቆሟል። በመስኮቱ አሳየሁት። ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ኅዳር 3
አዲሱ ንድፍ ደረሰ። ዛፉ ወጥቶ ፀሐይ ገባ። አሥራ ስድስት ጨረር፣ ጫፋቸው የሾለ። የሳለው ሰው መቀስ ይዞ አያውቅም። ጠርዙን ልጠፈው ካልኩ ጨርቁ ያልቅብኛል፣ ሳላጥፍ ከሰፋሁት ይተረተራል።
ለሰብሳቢው ደውዬ ነገርኩት። "የስፌት ሰዎች አስተያየት አልተጠየቀም።" ጆሮዬ ላይ ዘጋው።
እንግዲያው በምላሱ ይስፋው።

ኅዳር 4
አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ኅዳር 20
አዋጅ ወጣ። አሮጌ ባንዲራ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ያስረክብ። የተሰበሰበው እኛ ጋ መጥቶ ተቆራርጦ ለመወልወያ ይሆናል። ቆራጯ ማን ናት? እኔ። "እጅሽ ያውቀዋል" አለኝ አለቃችን። ምርቃት መስሎታል።
ቤት ስገባ እማዬ ሰምታ ጠበቀችኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የወንድሜ ባንዲራ አለ። ሬሳው ከድንበር ሲመጣ የሬሳ ሳጥኑን ያለበሱት። መኮንኑ አጣጥፎ በሁለት እጁ ነበር የሰጣት። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት።
"እንደብቀው" አልኳት።
"ሌባ ነኝ እንዴ?"
ወደ ክፍሏ ገባች።

ኅዳር 27
ጆንያዎቹ መጡ። የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤቶች ነበር፤ ፀሐይ የበላው፣ አቧራ የጠጣ። ቆረጥኩት። ሁለተኛው ውስጥ አንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዞበታል። "የባለቤቴ ነው። እባካችሁ ወለል አትወልውሉበት።"
መቀሱን አስቀመጥኩ።
አለቃችን መጣ። "ምን ሆንሽ?"
"አልቆርጥም።"
"ሥራሽ ነው እኮ።"
"ሥራዬ መስፋት ነው።"
"አንቺ ባትቆርጪው ሌላው ይቆርጠዋል። ታዲያ ምን ለወጥሽ?"
ወረቀት ያለባቸውን ለየሁ፤ አሥራ አንድ ሆኑ። ጠረጴዛው ላይ ከምሬለት "እንግዲህ አንተው ቁረጣቸው" አልኩት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ሁሉንም አንስቶ ካቢኔው ውስጥ ቆለፈባቸው።

ኅዳር 29
ተዛወርኩ። የሆስፒታል አንሶላ ክፍል። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ልጅ እንኳ ይሰፋዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት... ተይው።

ታኅሣሥ 5
የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን። እማዬ ማልዳ ለባብሳ ጥቅሉን ታቅፋ ወጣች። ተከተልኳት። "ልትሰጪ ነው?" ብላት አትመልስም። በመንገዱ ሁሉ ተነጫነጭኩባት።
ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰልፍ አለ። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው መዝገቡን አዞረላት። "እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"
"መጀመሪያ ደረሰኝ ጻፍልኝ።"
"ደረሰኝ የለንም።"
"ወረቀትማ አታጣም። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ። ልጅ ተቀበልን፣ ጨርቅ ሰጠን። አሁን ጨርቁንም ወሰድን። ማህተም ምታበትና ልሂድ።"
ብዕሩን አነሳ። "ልጅ ተቀበልን" ድረስ ጻፈ፤ አይቻለሁ። ከዚያ እጁ ቆመ። ከኋላችን አንዲት ሴት "ለኔም እንደሷው ጻፍልኝ" አለች። አንድ ሽማግሌ የያዙትን ብብታቸው ውስጥ መልሰው ወጡ።
ኃላፊው ከውስጥ መጣ። ወረቀቱን አየ። ሊቀልድ ሞከረ። "እማማ፣ የሰጠ ቢነሳ የለበት ወቀሳ ይባል የለ?"
"ልክ ነህ ልጄ። የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ልጄን አምጣልኝ።"
ኃላፊው መሬት መሬት አየ። "ዛሬ ይሂዱ፣ እንጠራዎታለን።"
"አትጥሩኝ" ብላው ጥቅሉን እንደታቀፈች ወጣች።
እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስንጨረጨር ከረምኩ። እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ታኅሣሥ 24
አዲሱ ተሰቀለ። አጨበጨቡ። አዋጁ አልተሻረም፤ ግን በራችንን ያንኳኳ የለም። አለቃችን የሥራ ቦታው በር ላይ አግኝቶኝ "የካቢኔው ቁልፍ ጠፋብኝ፣ አይገርምሽም?" አለኝ። ይገርማል አልኩት።
ከሰዓት ቤት ስደርስ እማዬ ጥቅሉን ፈትታ አልጋዋ ላይ ዘርግታዋለች። ከቀብሩ ወዲህ ሲከፈት ዛሬ ገና ነው። አጠገቡ ተቀምጣለች።
"ድምቡሼ ያንን ጸሐፊ ቢያየው ኖሮ" አለች፣ "አኳኋኑን ለሳምንት ሲያስመስል ያስቀን ነበር።"
ክው አልኩ። ድምቡሼ፣ የወንድሜ የቤት ስም። ዘጠኝ ዓመት ይህ ስም እዚህ ቤት ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ጨው ግዛ ተብሎ ተልኮ ቡችላ ይዞ የመጣ ቀን ትዝ አላት። ነገረችኝ። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም።
"ስሙን ጠርተሽ አታውቂም ነበር እኮ" አልኳት፤ ቅሬታዬ አምልጦኝ።
"አንቺስ?"
እውነቷን ነው። ጠራሁት።