የቡሬ መርፌ

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ፣ 4 ሰ.
ዛሬም በከብት ክሊኒካችን ለአንዲት ላም ሰባት ወንድ። ጅራት የሚጠመዝዝ፣ ቀንድ የሚይዝ፣ ዱላ የሚያቀብል። ሁለቱ ለጩኸት ብቻ የመጡ ናቸው። ላሟ ቡሬ ትባላለች። የሰባት ወር እርጉዝ፤ ሳንባዋን ታማለች። አምስት ቀን መርፌ አዘዝኩ። ትንፋሿን ቆጠርኩ። የቆጠርኩት በሽታውን ይሁን ድብደባውን፣ አላውቅም። «በሽታ» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱ ለድብደባ ቦታ የለውም።

ባለቤቷ ሙሚና ጥግ ቆማ ታለቅሳለች። ቤቷ ቡሬና አንዲት ጊደር ብቻ። ልጆቿ ወተት የሚያዩት ቡሬ በሰላም ከወለደች ነው። «ሰው አትፈራም እኮ፤ እናንተን ነው» አለችኝ።

ታኅ. 9፣ ረቡዕ
ሳቅ ደብተሬ። ነጩን ጋውን አውልቄ ከዘበኛው ከሰይድ ሽርጥ ተዋስኩ። ወንዶቹን ከአጥር ውጭ አስቀረሁ፤ ተቀየሙኝ። ቡሬ ግራሩ ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት አረፈች። ሙሚና እንደምታልባት ጊዜ ተጠግታ፣ አንገቷን እያሻሸች በኦሮምኛ ታባብላታለች። መርፌው ገባ። ጆሮዋን ነቀነቀች፤ በቃ።

ሰይድ፦ «አቦ ዶክተር፣ ሙሽራ መሰልክ! ኒካው መቼ ነው?»

ታኅ. 10፣ ሐሙስ
ሦስተኛውም መርፌ እንዲሁ። ትንፋሿ ረግቷል። ደስ ብሎኛል። ይሄ ራሱ ያሳስባል።

ታኅ. 11፣ ዓርብ፣ 11 ሰ.
ጠዋት ኃላፊዬ ጠራኝ። ጎብኚ ሊመጣ ነው፤ ፎቶም ይነሳል። ከብት በእንጨት ማቆሚያው ውስጥ፣ ባለሙያ በጋውን። ሽርጥ ለክሊኒኩ ገጽታ አይመጥንም። እርጉዝ ናት አልኩት። ማቆሚያው አዲስ ነው አለኝ። ጋውኑን ለበስኩ። ሙሚናን ራሴ አግባባኋት፤ ለአንድ ቀን ነው ብዬ። አመነችኝ።

ሰባቱ ወንዶች ከጁምዓ መልስ ከች አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። ጅራት፣ ቀንድ፣ ዱላ። ቡሬ ዘለለች። ወደቀች። ሆዷን እንጨቱ መታት። ፎቶው ግን ጥሩ ወጥቷል አሉ።

ታኅ. 12፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት
ሌሊት ጥጃው ሞቶ ወጣ። ሴት ነበረች። ቡሬም ሳይነጋ ተከተለቻት።

ሙሚና ብቻዋን መጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቤተሰቤን ደህንነት ጠየቀች። የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው አለችኝ። ጋውኑን የለበስኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ጊደሯም ማሳል ጀምራለች አለች። ላምጣት?

አታምጫት አልኳት። ደሞዝ የሚከፈለኝ አምጡ እንድል ነው። «ታዲያ የት ልውሰዳት?» አለች። ሄደች።

መድኃኒቱን ሳላስፈቅድ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ነገ ጠዋት ቤቷ እሄዳለሁ፤ በእግር ሁለት ሰዓት። መጀመሪያ ቡሬ እንደምትጎዳ እያወቅሁ ለኃላፊዬ እሺ ማለቴን እነግራታለሁ። ከዚያ ጊደሯን ታሳየኛለች፤ ወይም አታሳየኝም።