ሁለት ጣት ወደ ኋላ

እሑድ፣ ግንቦት 30 ቀን 1979፣ ጅጅጋ

ወደ ኋላ ሄደ! የትንሹን አውሮፕላን ጅራት በሁለት እጄ ይዤ ተንበርክኬ ነበር። ዳዊት ሞተሩን አስነሳው። እጄን ጎትቶ ወደ ፊት ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ጥርሴን ስነክስ ጭራሽ ወደ እኔ መጣ። ዘልዬ ባልነሳ ፕሮፔለሩ ሸሚዜን ይበላው ነበር። ዳዊት ሞተሩን አጥፍቶ አመድ መስሎ ቆመ። እኔ ደግሞ፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልዋሸሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዳዊት የፊዚክስ መምህር ነው። መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት። እኔ እዚሁ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ሳስተምር፣ ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ ዘጠኝ ዓመቴ። መርከበኛ ወንድሙ ከአሰብ ትንሽ ሞተርና በሬዲዮ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ከላከለት ወዲህ የመምህራን ክፍሉ ሌላ ወሬ የለውም። ከተማው ጦር ሰፈር ያለበት ስለሆነ ሬዲዮ ያለው ነገር ያለ ፈቃድ አይነካም። ፈቃዱ ወጥቷል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላይ «የአውሮፕላኑ ሠሪና አብራሪ» ተብሎ የተጻፈው የሱ ስም ብቻ ነው።

ሠሪ! ሠሪው የሠራው፦ አንድ ገጽ ንድፍ በካሬ ወረቀት።
እኔ የሠራሁት፦ ክንፉን ከሻይ ሳጥን ጣውላ፤ አካሉን ከኮምፔርሳቶ፤ ጅራቱን የያዙትን ሁለት ዘንጎች፤ ጎማዎቹን፤ የሞተሩን መቀመጫ፤ ሁሉንም።

ፕሮፔለሩ ከክንፉ በስተኋላ ነው፤ እየገፋ ነው የሚሄደው። ይህን ያሰበው እሱ ነው። የጅጅጋ ሜዳ ድንጋይ ስለሆነ በአፍንጫው ቢተከል እንኳ ፕሮፔለሩ አይሰበርም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለምን እኔ እንዳላሰብኩት አላውቅም።

የወላጆች ቀን የዛሬ ሳምንት ነው። እዚያ ላይ ይበራል ተብሏል።

ሰኞ፣ ሰኔ 1

ዳዊት ፕሮፔለሩን ፈትቶ ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጦ አሰረው። «አሁን ይገፋል ጋሼ» አለኝ። አስነሳው። አሁንም ወደ ኋላ! ድምፁ ብቻ ተበላሸ። ወረቀት አወጣ፣ ቀስት አሰመረ፣ ደለዘ።

እኔ በምሳ ሰዓት ገባኝ። ቤት የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሳጠብቅ ነው የገባኝ። ብሎን ብትገለብጠው ጥርሱ አይገለበጥም። ሞተሩ የሚዞረው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩ ራሱ በግራ መቀረጽ አለበት፣ ወደ ግራ እንደሚጠብቀው የጋዝ ሲሊንደር ብሎን። ይህን ያህል ቀላል ነው። ፊዚክስ ተምሯል እንጂ ብሎን አላሰረም።

አልነገርኩትም። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ መጥቶ «ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ሦስት ጊዜ «እስቲ ይታሰብበት» አልኩት።

ማታ ባለቤቴ አልማዝ «ፊትህ በርቷል፤ ምን አገኘህ?» አለችኝ። ስለ አውሮፕላኑ ነገርኳት። «ምስኪን ዳዊት» አለች። ምስኪን! እኔን አንድ ቀን ምስኪን ብላኝ አታውቅም። የክንፉን ጨርቅ የሰፋችውም እሷ ናት፤ የሱማሌ ሴቶች ድርዕ ለሚሉት ሰፊ ቀሚስ የሚያሰፉትን ስሱን አረንጓዴ ጨርቅ ከገበያ መርጣ። ለኔ ሱሪ ዚፕ ግን ሁለት ወር ቀጠሮ ሰጥታኛለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ነገርኩት። ለሱ ብዬ አይደለም። የማውቀውን ማንም ካላወቀልኝ ምኑን አወቅሁት?

ብሎንና ዳዶ አምጥቼ አሳየሁት። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ኧረ ጉድ! እኔ እኮ ነኝ ማስተማር ያለብኝ» ብሎ ሳቀ። በራሱ መሳቅ መቻሉም አናደደኝ።

ከአሮጌ የጠረጴዛ እግር ላይ ዋንዛ ቆረጥኩ። መጋዝ፣ መሮ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት። አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። መሐሉን በስቼ መርፌ ላይ ሳንጠለጥለው ወደ የትም አላዘነበለም። አሥር ሰዓት ላይ አሰርነው። ሞተሩ ተነሳ፤ የጉሎ ዘይት ሽታው ግቢውን ሞላው፤ አውሮፕላኑ እጄን ጎትቶ ወደ ፊት!

ዳዊት አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ወፍ የለም!»

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ምንም አልጨምርም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ትናንት ደስ ብሎኛል ብዬ የጻፍኩት እጄ ይቆረጥ።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ እንዳበቃ ጓድ ዳይሬክተር የድምፅ ማጉያውን መነጋገሪያ ያዙ። «የፊዚክስ መምህራችን ጓድ ዳዊት የፕሮፔለሩን ችግር በሳይንሳዊ ዘዴ ፈትተዋል» አሉ። ተማሪው አጨበጨበ። እኔ ከዳዊት በሁለት ሰው ርቄ ቆሜያለሁ፤ ጣቴ ላይ ትናንት መሮ የቆረጠኝ ገና በጨርቅ እንደታሰረ ነው። ዳዊት አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ጫማውን አየ። ደወል ተደወለ።

የሠራ ሌላ፣ የተመሰገነ ሌላ።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሄድኩ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ጅራቱ ይከብዳል፤ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ መግባት አለበት፤ ለጎማ ባላንስ የሚያደርጉትን ዓይነት። ባለጋራዡ አብዲ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ተቀምጧል። «መዓሊን፣ ለኢንጅነሩ አውሮፕላን ነው? ወላሂ ምርጥ ምርጡን ውሰድ!» አለኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዓሊን ነኝ፣ በሱማልኛ አስተማሪ ማለት ነው። ዳዊት በዘጠኝ ወሩ ኢንጅነር ሆነ።

እርሳሱን ተሸክሜ ስመለስ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ለብቻዬ እንዳወራሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ይህን የምጽፈው አንድ ቦታ መጻፍ ስላለበት ነው።

ዳዊት ፈተና ሊያርም ገብቶ ሚዛኑን ለኔ ተወው። ወረቀት ሰጠኝ፦ አውሮፕላኑ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አራት ጣት ገባ ብሎ በሁለት ጣት ሲደገፍ ደልደል ብሎ መቆም አለበት። እስኪቆም ድረስ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ መጨመር ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ከሆነ፣ ንድፉን ሲያስረዳኝ ራሱ እንደነገረኝ፣ ይነሳና አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንጋጦ እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

እኔ በሰማያዊ ስክሪብቶ ያሰመርኩት ስድስት ጣት ላይ ነው።

እርሳሱን ግማሹን አስገብቼ፣ አፍንጫውን በስፖንጅ ወትፌ፣ እመስመሬ ላይ ስደግፈው ደልደል ብሎ ቆመ። ቀሪውን እርሳስ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ምንም አልሰበርኩም። ምንም አልቆረጥኩም። መስመር ነው ያሰመርኩት። ሰው ይሳሳታል። እሑድ ወድቆ ሲሰባበር ጓድ ዳይሬክተር በሳይንሳዊ ዘዴ ይጠግኑት።

ራት አልበላሁም። አልማዝ ሆድህን አሞሃል ወይ አለችኝ። አሞኛል አልኳት፤ ውሸት አይደለም።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ነፋሱ ከካራማራ በኩል ጠዋት ጀምሮ አልተኛም። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ።

ዳዊት ከምሳ በኋላ መጣ። አውሮፕላኑን አነሳ፣ ከክንፉ ሥር በሁለት ጣቱ ደገፈው። መስመሬን አየ። ብዙ ጊዜ አየው። እኔ መጋዝ የምስል መስዬ አቀረቀርኩ። «እጅዎ ይባረክ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ የወርክሾፑን ቁልፍ እንድተውለት ለመነኝ፤ ክንፉን ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል አንድ ጊዜ ደግሞ በመኪና ቀለም ሊቀባው። ተውኩለት። ተማሪዎቹን አምኜ ቁልፍ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለሱ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ።

ማታ አልማዝ የእሑዱን አቀማመጥ ነገረችኝ። እሷ አንደኛ ደረጃ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ጓድ ዳይሬክተር «ትንንሾቹ በደንብ ይዩ» ብለው እሷና ልጆቿ ከፊት፣ ከገመዱ ሥር፣ መሬት ላይ እንዲቀመጡ አዘዋል። ሃምሳ ሦስት ልጆች። «እኔማ ገና ካሁኑ ፈራሁ፣ ቢወድቅብንስ?» አለችና ሳቀች።

ፕሮፔለሩን እኔ ነኝ የቀረጽኩት። ጠርዙን ስንት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት እንዳሳልኩት እኔ አውቃለሁ። ይህ ነገር እኔ እንዳሰብኩት ዳዊት ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ቅናት ዓይን ያጠፋል ሲባል የምሰማው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወርክሾፕ ነበርኩ። ቁልፉን ዳዊት ከዘበኛው ዘንድ ትቶታል።

ሐሙስ የቆለፍኩበትን እርሳስ ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ልክ የጎደለው ያ ስለሆነ እንደገና መመዘን አላስፈለገኝም። ከክንፉ በተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ጠቀለልኩት፤ የአፍንጫውን ክዳን ከፍቼ ከስፖንጁ ፊት ጠቅጥቄ ዘጋሁት። ወዲያው መዝሙር የሚለማመዱ ልጆች ወንበር ሊወስዱ እየተጋፉ ገቡ።

መስመሬን ላጠፋው ስል አጣሁት። ቀለሙ ሸፍኖታል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሳያውቅ ሸፈነልኝ አልኩ።

ለዳዊት ልንገረው? ምን ብዬ? አልነግረውም። ተስተካክሏል፤ በቃ።

ዛሬ ምሳ ሁለት ጊዜ በላሁ። ግን አንድ ነገር ልጻፍ፦ ነገ ሲበር ሁሉም የሚያጨበጭበው ለሱ ነው፤ ያንንም ከወዲሁ እያየሁት ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 7

በእርጋታ ልጻፈው።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ ፈቃዱን የሰጠው መኮንን ሳይቀር። አልማዝና ልጆቿ ከገመዱ ሥር። አብዲ «ኢንጅነር! ኢንጅነር!» ይላል። ዳዊት መቆጣጠሪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ጅራቱን ለቀቅሁ።

ሮጠ። ሮጠ። ሮጠ። አልተነሳም! ሜዳውን ሙሉ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ እንደ ቀንድ አውጣ እያሰመረ ሄዶ ከግቡ እንጨት አጠገብ አቧራ ውስጥ ቆመ። ሕዝቡ ሳቀ። ጓድ ዳይሬክተር ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ስንት ቀን የተመኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ሲመጣ ግን አልፈለግሁትም። አስተካክዬው ነበር እኮ!

ሮጠን ደረስን። ሁለታችንም ተንበረከክን። ዳዊት ሲያነሳው «አፍንጫው ከብዷል፤ ለምን ይከብዳል?» አለ ለራሱ። ክዳኑን ከፈተ። አረንጓዴው ጥቅልል ወደቀ። ያ የኔ ነው። ስፖንጁን ሳበ። ከስፖንጁ ኋላ፣ ሐሙስ ካስገባሁት እርሳስ ላይ፣ ሌላ ጥቅልል ወደቀ፤ በካሬ ወረቀት የተጠቀለለ።

እሱ የኔን አየ። እኔ የሱን አየሁ። ከኋላችን ሕዝቡ ይጮሃል።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«ዓርብ። የእርስዎ እጅ ሁለት ጣት ሙሉ አይሳሳትም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ጫማውን አየ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። «ረቡዕ ዕለት እኔም ዝም ብዬ ነበር» አለ።

«ይቅር በለኝ» ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ያልኩት «ቶሎ በል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል» ነው። እሱ የራሱን አንስቶ ለኔ ሰጠኝና የኔን አረንጓዴ ጥቅልል መልሶ አስገባው። ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ደገፍነው፣ አንደኛው ጣት የሱ፣ ሌላው የኔ። አራት ጣት ላይ ደልደል ብሎ ቆመ።

ሁለተኛው ሩጫ ላይ ተነሳ። ነፋሱ ትንሽ አንገዳገደው እንጂ ተነሳ! ፀሐይ በጨርቁ ስታልፍ የክንፉ አጥንቶች፣ እኔ አንድ በአንድ የላግኋቸው፣ ከታች ይቆጠሩ ነበር። ሁለት ጊዜ ዞረ። የአልማዝ ልጆች አንገታቸውን አንጋጠው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሲያርፍ ድንጋይ መትቶ በአፍንጫው ተተከለ፤ ፕሮፔለሩ ግን አልተሰበረም።

ጓድ ዳይሬክተር መነጋገሪያውን ይዘው «የጓድ ዳዊት ድል!» ሲሉ ዳዊት ሄዶ መነጋገሪያውን ከእጃቸው ተቀበለ። «ይቅርታ ጓድ ዳይሬክተር፤ ሠሪው ጋሽ በላቸው ናቸው፤ ፕሮፔለሩም የሳቸው ነው» አለ። ተጨበጨበልኝ። አብዲ «መዓሊን!» እያለ ጮኸ። አሁንም መዓሊን፤ ይሁን። ዳዊት ነገ የፈቃዱ ወረቀት ላይ ስሜን ሊያስጨምር ይሄዳል፤ ይጨምሩ አይጨምሩ እንጃ።

አልማዝ አሁን ተኝታለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ የሐሙሱንም ጭምር። መጀመሪያ ልጆቿን አስባ ተቆጣች። ቆይታ ግን «ሁለታችሁም አስተካክላችሁታል፤ እኩል ናችሁ» አለችኝ።

እኩል አይደለንም። የሱን ጥቅልል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነው። እሱ ያስገባው ዓርብ ነው፤ እኔ ቅዳሜ። በዚህም ቀደመኝ።