ስለ ሠላሳ ስምንቱ የመብራት ምሰሶዎችና ቤታቸው መግባት ስላልቻሉት ጎረቤቴ

ለክቡር አቶ ፕሬንቲስ ጋርላንድ
የማርሎ ፌሪ ከተማ የማህበረሰብ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱም እግሮችዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በከተማችን ሁለት እግር ያለው ሰው ጽሕፈት ቤትዎን የሚያስቸግርበት ምክንያት እምብዛም እንደሌለ በዚህ ዓመት ተምሬያለሁና።

እኔ በታችኛው ምድጃ ሰፈር የምኖር፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ በመሬት ቅየሳ ሙያ የሠራሁ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። ቀያሽ ከሥራው ጠባይ የተነሣ ሌላው ሰው የሚዘለውን የጋዜጣ ገጽ ያነባል። የፌደራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰፈሮች ብሎ በየዓመቱ ከሚሰጠን የማህበረሰብ ልማት ድጎማ ውስጥ፣ ለአረጋውያን ቤት ጥገናና ለዊልቸር መወጣጫ የተመደበው ሁለት መቶ አርባ ሺህ ዶላር ወደ ማርኬት ጎዳና የመብራት ምሰሶዎች እንዲዘዋወር ሐሳብ መቅረቡን ያወቅሁት በዚያው ገጽ ላይ ነው። ማስታወቂያዎ በሐራጅ በሚሸጥ አሮጌ ተጎታች ቤትና ስሟን ለመቀየር በጠየቀች አንዲት ሴት መካከል በደቃቅ ፊደል ተቀምጧል። ሕጉ ማስታወቂያ ይውጣ ይላል እንጂ ሰው ያንብበው አይልም፤ ሕጉን አንድ ቃል ሳይጨምሩ ስለፈጸሙ አመሰግናለሁ።

የሕዝብ አስተያየት መቀበያው ጊዜ በዚህ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ደብዳቤ የእኔ አስተያየት ነው። በጋዜጣ ያወጣሁት ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ የሰውን ቃል የሚያሳጥርበትን ችሎታ ስላየሁ ነው።

ጉዳዩ የጎረቤቶቼ የአቶ ዊልበር ቫሽኮና የባለቤታቸው የወይዘሮ ሎርና ነው። አቶ ዊልበር ሰባ ሰባት ዓመታቸው ሲሆን ሠላሳ አንዱን ዓመት በመስታወት ፋብሪካው እቶን ፊት ቆመው አሳልፈዋል። ባለፈው ዓመት የካቲት ወር በስኳር በሽታ ምክንያት ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቤታቸው መግቢያ ላይ አምስት ደረጃዎች አሉ። ሐኪሞቹ በዊልቸር የሚገባበት መንገድ ወደሌለው ቤት አንለቃቸውም ስላሉ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በሚርቅ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገቡ አሥራ አራት ወር ሆናቸው። ወይዘሮ ሎርና መኪና አይነዱም። እሑድ እሑድ እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ ስድስቱን ቀን ባልና ሚስቱ በስልክ ይኖራሉ።

አቶ ዊልበር ቤቱን የሚያስተዳድሩት ከዚያ አልጋ ላይ ሆነው ነው።

«የማሞቂያውን ማጣሪያ ቀየርሽው?» ይሏቸዋል።

«ቀየርኩት።»

«ውሸታም። ድምፅሽ ያስታውቃል።»

«እንግዲያው ናና ራስህ ቀይረው» ይላሉ ወይዘሮ ሎርና። ማጣሪያውን የምቀይረው እኔ ስለሆንኩ ይህን ጭውውት ከጎናቸው ሆኜ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን በማያሰለች መንገድ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ደረጃዎቹ አመሰግናለሁ። ከዓመታት በፊት ሰፈራችንን ካጥለቀለቀው ጎርፍ በኋላ ከተማው የሰፈራችን ቤቶች ሁሉ ወለላቸው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ካላለ ሰው እንዳይኖርባቸው አዘዘ። አቶ ዊልበርም ትእዛዙን አክብረው ቤታቸውን ከመሠረቱ ከፍ አስደረጉ፤ አምስቱን ደረጃዎች በገዛ እጃቸው ሠሩ። አንድ እሑድ በመንከባከቢያው ግቢ ተቀምጠን ሳለ፣ «እኔ እኮ ውሃ እንዳይገባ ብዬ ነው የሠራሁት፤ ለካስ ራሴም እንዳልገባ አድርጌ ነው» አሉኝና ሳቁ። አብሬያቸው ልስቅ ሞክሬ አልሆነልኝም። ውሃው እስከ ዛሬ አልገባም።

፪. በማስታወቂያዎ ላይ የጥገናው ፕሮግራም ገንዘብ «በፍላጎት ማነስ ምክንያት» ሥራ ላይ አለመዋሉ ተገልጿል። በፕሮግራሙ አሥራ አንድ ቤተሰቦች አመልክተዋል፤ የቫሽኮ ቤት ሰባተኛው ነው። ሁለት መወጣጫዎች ተሠሩ። ከዚያ የጽሕፈት ቤትዎ የቤት ፈታሽ ጡረታ ወጡ፣ ያለ ፈታሽ ፊርማም ሥራ አይጀመርም፣ ሥራ አያልቅም። ቦታው ክፍት ሆኖ አሥራ ስድስት ወር ሞላው። ስልክ ደውዬ ነበር፤ የተነጋገርነውን የጻፍኩት በዚያው ሰዓት ነው።

«ፈታሽ ሲቀጠር እንደውልልዎታለን» አለችኝ ያነሣችው ልጅ።

«መቼ ነው የሚቀጠረው?»

«የቅጥር ማስታወቂያው ሲወጣ ነዋ።»

«እሱስ መቼ ይወጣል?»

«እሱን የፍተሻ ክፍሉን ኃላፊ ነው የሚጠይቁት፣ ጌታዬ።»

«ኃላፊው ማን ይባላሉ?»

«አይ፣ የእሳቸውም ቦታ ለጊዜው ክፍት ነው።»

ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ጨዋ ናት፣ የምታውቀውን ነገረችኝ። ነገር ግን በር ዘግቶ ሲያበቃ እንግዳ አልመጣም ብሎ የሚጽፍ ሰው ባየሁ ጊዜ የጽሑፉን ንጽሕና ከማድነቅ በቀር ምን እላለሁ። የፌደራሉ መንግሥት ደግሞ ግንቦት ሲገባ ከአንድ ዓመት ተኩል ድጎማ በላይ ሳያወጣ የተገኘን ከተማ እንደሚቀጣ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ በፍጥነት መውጣት ነበረበት። ምሰሶ ከካታሎግ ይመረጣል፣ በሳምንት ይከፈልበታል። ምሰሶ ማመልከቻ አይሞላም፣ ሳሎኑ እስኪፈተሽ አይጠብቅም፣ ሚስትም የለችውም። ምርጫዎ ይገባኛል። የማይገባኝ ድርሻው የተወሰደበትን ሰው አልፈለገም ማለቱ ነው።

፫. በመጋቢት ወር እኔና ጡረተኛው አናጢ ጎረቤታችን ክሌተስ፣ ሰፈሩ ባዋጣው ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዶላር እንጨት ገዝተን በሁለት ቅዳሜ መወጣጫውን ሠራን። ተዳፋቱን በመሣሪያዬ ለክቼዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ክንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት፣ ሕጉ እንደሚለው። የቀረን ነገር መንከባከቢያው የሚጠይቀው አንድ የከተማ ፈታሽ ፊርማ ብቻ ነበር። ፈታሽ የለም በተባልን በአራተኛው ቀን ግን የከተማው ሰው መጥቶ «ሳይፈተሽ መጠቀም የተከለከለ» የሚል ቀይ ወረቀት መደገፊያው ላይ ለጥፎ ሄደ። የሚፈትሽ ሰው ጠፍቶ የሚለጥፍ ሰው መገኘቱ ከተማችን ጨርሶ እንዳልተዳከመች ያሳያል። ወይዘሮ ሎርና ወረቀቱን ትንሽ አዩትና፣ «ክሌተስ፣ ዝናብ እንዳይመታው በላስቲክ ሸፍንልኝ። ከከተማው ቤቴ ድረስ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። ክሌተስ ሸፈነው።

መንግሥት አቶ ዊልበርን እዚያ ለማስቀመጥ በየወሩ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ይከፍላል። የእንጨታችንን ዋጋ ከላይ ጽፌዋለሁ። ሁለቱን ለማስተያየት ቀያሽ መሆን አያስፈልግም።

፬. ሕዝባዊ ስብሰባውን ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት ስላደረጉልን፣ ማለትም ሥራ ያለው ሁሉ በማይመጣበት ሰዓት፣ ሰባት ሰዎች ሆነን በሰፊ አዳራሽ ያለ መጨናነቅ ተቀምጠናል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። ወይዘሮ ሎርና የሚናገሩትን በደብተር ጽፈው መጥተው ነበር፤ መነጽራቸውን እስኪያገኙና ማይክሮፎኑ እስኪወርድላቸው ግማሹ ጊዜ ሄደ። ስለ ጎርፉ፣ ስለ ደረጃዎቹና ስለ ማመልከቻው እንደተናገሩ የሰዓት መቆጣጠሪያው ቀይ መብራት በራ።

«ወይዘሮ ቫሽኮ፣ ሰዓትዎ አልቋል» አሉ ሰብሳቢው።

«እኔ እኮ ገና ባሌ ጋ አልደረስኩም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው።»

«እሺ። ስሙ ዊልበር ነው» ብለው ተቀመጡ።

ጽሕፈት ቤትዎ ያወጣው የስብሰባው ማጠቃለያ ስለ እሳቸው እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ነዋሪ ለተደራሽነት ያላቸውን አጠቃላይ ድጋፍ ገልጸዋል። አስተያየቱ ተመዝግቧል።» ሃምሳ አንድ ዓመት የቆየ ትዳር በአንዲት አጭር መስመር ገብቶ ሲያልቅ ከዚህ በፊት አላየሁም። እኔ መሬት ስለካ አንድ ጣት ባጎድል ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ስለዚህ ያልተነበበውን ገጽ በፈቃዳቸው እዚህ ገልብጬዋለሁ፤ እንዳለ ከሰነዱ ጋር እንዲያያዝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

«ባለቤቴ ዊልበር ይባላል። እዚያ ያሉት ልጆች ደጎች ናቸው፣ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ግን ሠራተኛ ስለሚያንሳቸው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስተኙታል። ዕድሜውን ሙሉ የማታ ፈረቃ የሠራ ሰው ነው፣ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ አያውቅም። ጣሪያውን እያየ ይተኛል። ካስተኙት በኋላ ደግሞ ስልኩን አልጋው አጠገብ አያስቀምጡለትም። መብራቶቹን አልቃወምም፣ ሥዕሉን አይቼዋለሁ፣ ያምራሉ። እኔ የምለምነው ባሌ ቤቱ እንዲያድር ነው። ሌላ ነገር አልጠይቅም።»

፭. በመጨረሻ ስለ ካርታው። ድጎማው እንዲወጣ ሥራው ከሚያገለግላቸው ነዋሪዎች ቢያንስ ሃምሳ አንድ በመቶው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው መሆን አለባቸው። በማርኬት ጎዳና የሚኖሩት ጠበቆች፣ ሁለት የጥርስ ሐኪሞችና የአዲሶቹ አፓርታማዎች ባለቤቶች ይህን እንደማያሟሉ ማንም ያውቃል። ምሰሶዎቹ ያገለግሉታል የተባለውን ክልል የሚያሳየውን ካርታዎን በሙያዬ ዓይን መረመርኩት። የአገልግሎት ክልሉ ወሰን ከጎዳናው ተነሥቶ የባቡር ሐዲዱን ይሻገራል፣ በጠባብ አንገት ሁለት የተዘጉ መጋዘኖችን ያልፋል፣ ከዚያም ታችኛው ምድጃ ላይ ደርሶ እንደ ከረጢት ይሰፋል። ከመጨረሻው ምሰሶ እስከ ቫሽኮ ቤት በእግሬ ለካሁ፤ አንድ ማይል ከሩብ ነው። የምሰሶው ብርሃን ሠላሳ እርምጃ ይሄዳል። ሰፈራችን ለዓመታት የመንገድ ጠጋኝ፣ የበረዶ ጠራጊና ፈታሽ ሲጠይቅ ርቀታችን ያስቸግር ነበር፤ ድህነታችን ሲያስፈልግ ግን እንዲህ ቅርብ ሆነን መገኘታችን አስደስቶኛል።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ዝውውሩን ከሐሙሱ አጀንዳ ያውጡ። ይህ ከከበደዎ ከጎረቤት ከተማ አንድ ፈታሽ ለአንድ ጠዋት ይዋሱ። መወጣጫውን በሃያ ደቂቃ አይቶ ይጨርሳል፤ ብዕር ቢጠፋ እኔ አለኝ።

በከተማዎ ካርታ ላይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ያገኘው የታችኛው ምድጃ ነዋሪ፣ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የሚወጡባቸው ደረጃዎች ሁሉም ዝቅተኛ እንዲሆኑልዎ ከልብ የምመኝ፣

ኦሪን ስታድለር
የመሬት ቀያሽ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሎርና ጠሩኝ። ሳህኖች በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር። «ኦሪን፣ እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ። እሱ ባለበት ፎቅ አንድ አልጋ ተገኝቷል፤ ማክሰኞ እገባለሁ። ቤቱን ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ» አሉኝ። ልከራከራቸው አፌን ስከፍት፣ «ተወኝ። ደክሞኛል፣ እሱም ደክሞታል» አሉ። ለጽሕፈት ቤትዎ የሚጠቅም አንድ ስሌት ስላለ ላሳውቅዎ። በጥቅምት ወር ቤት ለቤት ያካሄዳችሁት ቆጠራ በክልሉ ካሉት 2,940 ነዋሪዎች 1,500ው ዝቅተኛ ገቢ እንዳላቸው ይናገራል፤ ሃምሳ አንድ ነጥብ ዜሮ ሁለት በመቶ ነው። አቶ ዊልበርን ቤታቸው እንዳሉ አድርጋችሁ ቆጥራችኋል። እሳቸውና ወይዘሮ ሎርና ሲቀነሱ 1,498 ከ2,938 ይሆናል፤ ይህም ከሃምሳ አንድ በመቶ በታች ነው። ሠላሳ ስምንቱን ምሰሶዎች አቁመው የያዙት እነዚህ ሁለት አዛውንት ነበሩ ማለት ነው። ወይዘሮ ሎርና እስከ ሐሙስ እንዲቆዩልዎ ከፈለጉ ሄደው ይለምኗቸው። እስከ ሰኞ ማታ ቤት አሉ፤ የምንሸከምላቸው እኔና ክሌተስ ብቻ ስለሆንን ከባድ ካርቶኖቹን እርስዎ ቢያወርዱላቸው ደስ ይላቸዋል።