የሽማግሌው ኑንሲዮ ቀዝቃዛ ማቴ

ውድ ኤውስታኪዮ፣

ይህን ካርድ ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ግድግዳ ላይ ስቀለው! ትናንት ሳልቶ ከተማ ሆስፒታል በር ላይ ኑንሲዮ የሚባል ሽማግሌ፣ በሽተኛ ለምንጠብቅ ሁሉ ማቴ፣ ትኩሱን የቅጠል ሻይ፣ በአንድ ቅል እየቀዳ ያዞርልን ነበር። ሚስቱ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። ቀጂ ቀድሞ መቅመስ ሲገባው በጭንቀት ረሳው፤ ውሃው በረዶ ሆኗል! እኛ ሰፈር ቢሆን አንተ ቅሉን ራሱ ላይ ትደፋበት ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ተራ በተራ ምጥጥ አድርጎ ዝም ብሎ መለሰለት። እኔማ "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ማቴ ጠጥቼ አላውቅም!" አልኩት፤ አልዋሸሁም።

ነርሷ ብቅ ብላ "አባባ፣ ባለቤትዎ ነቅተዋል፤ እየጠሩዎት ነው" ስትለው፣ ያኔ ለራሱ ቀድቶ ጠጣ።

"እናንተ ጉዶች! ይሄን የእንቁራሪት ውሃ ዝም ብላችሁ ትጠጡልኛላችሁ?" አለ፣ እያለቀሰ እየሳቀ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማ ራሞናን ሳምልኝ። አንተ ቀዝቃዛ ብትቀዳልኝ ግን አልምርህም!

ካሲልዶ