ደስታነሽ ከግድግዳው ጀርባ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለጌታሁን፣ ድሬዳዋ

«የታመመ እንስሳ የሚያየው ሐኪም አይደለም ወይ? ሚስቴ እዚያ ምን ልትሠራ ነው?» ብለህ ነበር፣ ደስታነሽ እኛ ጋ እንስሳት ክሊኒክ የተቀጠረች ጊዜ። ያኔ ስቄ አለፍሁህ። ዛሬ ልመልስልህ፤ ሥራዋ መያዝ ነበር። «ነበር» ያልሁትን ልብ በልልኝ፤ የደብዳቤው ወሬ እሱ ነው።

አምና የራጅ መሣሪያ መጣልን አላልሁህም? በግም ይሁን ውሻ፣ እግሩ ተሰበረ የተባለ ሁሉ ሲመጣ የፊልሙን ሰሌዳ ከእግሩ ጀርባ ደግፋ የምትቆመው እሷ ነበረች። ያለችንን አንዲት ጨረር የምትከላከል የእርሳስ ሽርጥ ዶክተር ደጀኔ ይለብሷታል፤ ደስታነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ትቆማለች። እኔ በእንስሳት ሕክምና ከተመረቅሁ ገና ሰባት ወሬ፣ ምን ብዬ አለቃዬን ልቆጣ? አንድ ሁለቴ ብሞክር፣ «ልጄ፣ ጨረር የሚሄደው ወደ ፊት ነው፤ ወደ ጎን ምን ያመጣዋል?» አሉኝ።

ያመጣዋል እንጂ! የእንስሳው ሥጋ ላይ ሲያርፍ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚፈናጠረው በየአቅጣጫው ይፈናጠራል። አጠገቡ የቆመውን ሁሉ ያገኘዋል። ጨረሩ የሚወጣበት መስኮት ሰፋ ባለ ቁጥር ይብሳል። የተፈናጠረው ደግሞ ተመልሶ ፊልሙ ላይ ይደፋና ሥዕሉን ጉም ያለብሰዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደስታነሽ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ነገረችኝ። ምን እንደሆነ አልጽፍልህም፤ አስምላኛለች። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ከዚያ ክፍል ማስወጣት ነው ሐሳቤ ሁሉ። ለዶክተሩ ልንገር ብላት፣ «ወይ አንቺ ልጅ! ገና በጧቱ ሰው አፍ ልታስገቢኝ?» ብላ ከለከለችኝ። እና ምን አደረግሁ? ዛሬ መድኃኒት ቁጠሪ፣ ነገ ካርድ ደርድሪ እያልሁ በእሷ ፈንታ ራሴ ስይዝ ሰነበትሁ።

ማክሰኞ ለት አያ ክንዱ የሚባሉ ገበሬ ከማንኩሳ በቅሏቸውን እያነከሰች አመጧት። ቦይ ስትሻገር ነው የፊት እግሯን የተመታችው። ሰሌዳውን ያዝሁ፣ ተነሳ፣ ሥዕሉ ጉም! ዶክተር ደጀኔ ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ደስታነሽን ጥሪያት፤ የእሷ እጅ ጽኑ ነው። ጨረሩንም ጨምረን እንደግመዋለን።»

እሷን እንዴት ልጥራት፣ ወንድሜ! አፌ ቀደመኝ። «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ በእኔ መንገድ እናንሳው። ጉሙ ካልጠራ ያሉትን እፈጽማለሁ።»

በቅሎዋን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንድ ጊዜ!» አሉ።

መሣሪያው ከመጣ ጀምሮ ወለል ብሎ የኖረውን የጨረሩን መስኮት፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን የሚያሳየው ብርሃን የታመመው ቦታ ላይ ብቻ እስኪያርፍ አጠበብሁት። ሰሌዳውን ሰሞኑን አናጺው ተስፋው በሠራልኝ የእንጨት መደገፊያ ላይ አቆምሁ። በቅሎዋ ጥቂት ማደንዘዣ ተወጋችና ረጋች። «በሉ ሁላችሁም ውጡ!» ስል አያ ክንዱ ንቅንቅ አይሉም።

«ማሰሪያዋን ይልቀቁልኝ፣ አያ።»

«አልለቅም።»

«ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው።»

«የበቅሎውን ማሰሪያ የሚለቅ የሸጠ ሰው ነው። እኔ አልሸጥኋት! ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው በበር እያየኝ?»

እውነታቸውን ነው። ጅጋ ገበያ ማሰሪያው ከእጅ እጅ ካለፈ ነገሩ አለቀ አይደል? ክርክሩን ተውሁት።

«መጫኛ ይዘዋል?»

«መጫኛ የሌለው ባለበቅሎ የት አየሽ!» ብለው ተቆጡ።

ጭነት የሚያስሩበትን ያን ረጅም ጠፍር ከማሰሪያዋ ጋር ቀጠልሁና በበሩ አውጥቼ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ጀርባ ጫፉን አስጨበጥኋቸው።

«አሁን በእጅዎ ናት ወይስ አይደለችም?»

«በእጄ ናት።»

«እንግዲያው እዚያው ይቁሙ።» ክፍሉ ውስጥ ከበቅሎዋ በቀር አንድም ነፍስ አልቀረም። እኔም ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ ቁልፉን ተጫንሁት።

ሥዕሉን አይተኸው ቢሆን! ከሰኮናዋ በላይ፣ አጥንቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ቁልጭ ብላለች። ዶክተር ደጀኔ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩ።

«ጨረሩን ስንት ጨመርሽ?»

«ምንም። መስኮቱን ነው ያጠበብሁት።»

አያ ክንዱ ጠፍሩን እንደጨበጡ ብቅ አሉ። «ትድናለች?»

«አጥንቱ ከቦታው አልለቀቀም። ታሽጎላት ሦስት ወር ካረፈች ትድናለች» አልኋቸው። በሩ ላይ ወደተኮለኮለው ሰው ዞረው፣ «ሳልለቃት ታየችልኝ እኮ!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ዶክተር ደጀኔ ትልቅ ሰው ናቸው። ወረቀት አውጥተው ጻፉና በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፉት፦ «ራጅ ሲነሳ በዚህ ክፍል ማንም ሰው አይቁም። እንስሳ በእጅ አይያዝም።» ለተጨማሪ ሽርጥም በዚያው ቀን ማመልከቻ አስገቡ።

ሮጬ ለደስታነሽ ነገርኋት።

«እና እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለች።

«ከግድግዳው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ካርድ ትጽፊያለሽ።»

እጇን ሆዷ... ነጠላዋ ላይ ልበል፣ ነጠላዋ ላይ አሳረፈችና እንዲህ ስትስቅ ለዘመን መለወጫ መጥተህ ከተመለስህ ወዲህ አላየኋትም።

ቅዱስ ሚካኤል በወጣህ በገባህበት ሁሉ ይከተልህ፤ እንጀራህን ያብዛልህ፣ በሰላም አገናኝቶ ያሳቀን። ስልኩ መጣ ሄደ ስለሆነ ይህን በሹፌሩ በአድማሴ እጅ ልኬልሃለሁ፤ እዚያ በደረሰ ማግስት ይመለሳል፣ መልስህን ስጠው። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት። «ደኅና ነሽ ወይ?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ በደንብ አድርገህ ጠይቃት። አለቃህን ደግሞ ለግንቦት ፈቃድ ከወዲሁ ለምነው፤ ለምን እንደሆነ ግን እኔ አልነገርሁህም።

እህትህ ያምሮት