ቆመው ለኖሩት የላውንደሪዋ ባለቤት ለእትዬ ካውያ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

ደንበኞቻቸው «እትዬ ካውያ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት የላውንደሪዋ ባለቤት፣ ከአባታቸው ከፀጉር አስተካካዩና ከእናታቸው ከስልክ ኦፕሬተሯ፣ የዛሬ አርባ ሦስት ዓመት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እንደተወለዱ ወዲያው አላለቀሱም፤ አዋላጇ ገልብጣ ይዛ ጀርባቸውን መታ መታ እስክታደርጋቸው ድረስ ዝም ብለው ነበር። ዘግይተውም ቢሆን ሲያለቅሱ ቤቱ በደስታ ሞላ። እናታቸው ግን «ይቺ ልጅ አትበረክትልኝም» የሚል ስጋት የገባቸው ያን ዕለት ነው፤ ስጋቱም እስካለፈው ሐሙስ ድረስ አብሯቸው ኖሯል።

በዚህ ስጋት የተነሳ ልጅነታቸው ጥብቅ ነበር። ዛፍ አልወጡም፤ ዋና አልተማሩም፤ የክፍል ጓደኞቻቸው ሽርሽር ሲሄዱ «አውቶቡሱ ቢገለበጥስ» ተብለው ቤት ቀርተዋል። አውቶቡሱ አልተገለበጠም። እንዲህ ባሉ ቀናት የሚውሉት አባታቸው ፀጉር ቤት ነበር። ፎጣ ያጥፋሉ፣ ወለሉን ይጠርጋሉ፣ በትልቁ መስታወት ውስጥ የደንበኞችን ፊት ያጠናሉ። አባታቸው ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፈው ጋደም የሚሉ፣ ሰኞ ሰኞ ጨርሶ የማይከፍቱ ሰው ነበሩ። የሚያንኳኳ ካለ ከውስጥ ሆነው «ፀጉር የትም አይሄድም፤ ነገ እንዲያውም ረዝሞ ይጠብቀኛል» ይሉ ነበር። እትዬ ካውያ ከአባታቸው ቀልዱንም የእጅ ጥራቱንም ወርሰዋል። በር ዘግቶ ማረፉን ግን አልወረሱም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀዋል። በማስታወስ ችሎታቸው የታወቁ ተማሪ ነበሩ። የክፍሉን ስም ዝርዝር ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ስለሚያውቁ መምህራኑ «አንቺ ጥሪልን» እያሉ መዝገቡን ሳይከፍቱ ይቀመጡ ነበር። ማን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ፣ ትናንትም ቀርቶ እንደሆነ ይናገራሉ። እናታቸው ይህን ሲሰሙ ኮሩ፤ ወዲያው ደግሞ «ጭንቅላቷን እንዳያማት» ብለው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ምንም የለባትም ብሎ መለሳቸው።

ትምህርት እንደጨረሱ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ባለ የልብስ ክፍል ተቀጥረው ማጠብን፣ እድፍ ማስለቀቅንና መተኮስን ተማሩ። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ልብስ ቁጥር ይሰፋበት ነበር፤ ደንበኛም የሚታወቀው በክፍሉ ቁጥር ነበር። ይህ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተዋጠላቸውም። «ሸሚዝ እየተኮስኩ የማን አንገት እንደሚገባበት ካላወቅሁ ምን ዋጋ አለው» ይሉ ነበር። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። ባለቤታቸው ለሆቴሉ ዳቦ የሚያመላልሱ የመኪና ሾፌር ሲሆኑ፣ በየማለዳው ልብሳቸው ላይ ዱቄት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ዳቦውን ነው የምታመጣው ወይስ ተንከባልለህበት ነው የምትመጣው?» ብለው የጠየቋቸው ዕለት ነገሩ ተጀመረ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ባለቤታቸውና እሳቸው ተመካክረው ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለችውን ጠባብ ሱቅ በመከራየት የራሳቸውን ላውንደሪ ከፈቱ። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ በስተቀኝ ማጠቢያ ማሽኖቹ፣ በስተግራ የእንፋሎት ካውያው፣ ከበላይ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጉ ሦስት የልብስ ብረቶች አሉ። በብርድ ጊዜ መስታወቱ በእንፋሎት ስለሚሸፈን ከውጭ ለሚያይ ሰው ከውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ይታይ ነበር። እናታቸው ሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ኤሌክትሪኩን ፈሩ፤ እንፋሎቱን ፈሩ፤ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው የልብስ ክብደት ልጃቸው ላይ እንዳይወድቅ ፈሩ። ለነዳጅ ማደያ የሚበቃ የእሳት ማጥፊያ ገዝተው ከበሩ ጀርባ አቆሙ። በዚያች ሱቅ ውስጥ ሳይፈሩ የቀሩት ነገር ቢኖር ሥራውን ብቻ ነበር፤ ሥራማ በረከት ነው ብለው።

በእትዬ ካውያ ሱቅ ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም። ቁጥር የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ልብስ ላይ የሚሰፋ ምልክት የለም። ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ገና «እትዬ ካውያ፣ የኔ...» ሲል እጃቸው ብረቱ ላይ ደርሷል። ልብሱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ያውቁታል። «ይሄ ኮት ባለፈው ወር ይዘጋ ነበር፤ ምን እየበላህ ነው?» ይሉታል። የአንዷን ቀሚስ ሲያስረክቡ «ሁለተኛው ቁልፍ ላልቶ ነበር፣ አጥብቄዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም» ይላሉ። ሰው የሚመጣው ለልብሱ ብቻ ሳይሆን ለመታወቅም ጭምር ነበር። ማዶ ሌላ ላውንደሪ ሲከፈት እንኳ የሄደባቸው ሰው ጥቂት ነው።

ነገር ግን ሱቁ በሙሉ ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ስለነበር፣ እሳቸው ከሌሉ ሱቅ የለም ማለት ነበር። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ቁጥር ያላቸው ካርዶች አሳትመው አመጡ፤ ካርዶቹ የልጆቹ መጫወቻ ሆኑ። በተለያየ ጊዜ የቀጠሯቸው ሠራተኞችም አልቆዩም። አንደኛዋ ስትለቅ «እትዬ፣ እኔ እዚህ ሥራዬ ‹ይሄ የማነው› ማለት ብቻ ሆነ፤ ለሱ ደሞዝ መቀበል ከበደኝ» ብላቸዋለች። እሳቸውም ስቀው ሸኟት፤ የሷንም ሥራ ደርበው ያዙት። እናታቸው ቁጭ ብለው እንዲሠሩ ረጅም ወንበር ገዝተውላቸው ነበር። ወንበሩ ላይ በሳምንቱ የታጠፈ ልብስ ተቆለለበት።

ሱቁ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ይከፈታል፤ የሚዘጋው ከመንገዱ ሁሉ በመጨረሻ ነው። እሑድ ግማሽ ቀን ተብሎ ተጀመረና ሙሉ ቀን ሆነ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው «ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ዝጊ» ሲሏቸው «አባዬ፣ ያንተ ፀጉር ይጠብቃል፤ የኔ ግን ሠርግ አለበት፣ ቃለ መጠይቅ አለበት፣ ፍርድ ቤት አለበት» ብለው መለሱላቸው። ትንሹ ልጃቸው ትምህርት ቤት ቤተሰቡን እንዲስል ሲታዘዝ አባቱን፣ እህቱንና አያቱን በሙሉ ቁመታቸው ሳላቸው፤ እናቱን ግን ከወገብ በላይ ብቻ። መምህርቷ «እናትህ እግር የላትም እንዴ?» ብትለው «ይኖራታል፤ ከባንኮኒው ወዲያ ነው» አላት። ይህ በቤተሰቡ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተስቆበታል። እሳቸውም ከሁሉ በላይ ስቀውበታል፤ ሥዕሉንም ከካውያው በላይ ለጠፉት።

ከሁለት ዓመት ወዲህ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጫማ ቀየሩ፤ ቀጥሎ የባለቤታቸውን ነጠላ ጫማ አደረጉ። ራስ ምታት ሲነሳባቸው በእርጥብ ጨርቅ አስረው ይተኩሱ ነበር። እናታቸው ለምነው፣ አልቅሰው፣ በመጨረሻም «እኔን ነው ያመመኝ፣ አድርሺኝ» ብለው አታልለው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ የደም ግፊታቸው ከልክ ማለፉንና ልባቸው መድከሙን ነገራቸው። «አንድ ወር ሙሉ ሥራ የሚባል ነገር አይንኩ። ከዚያ በኋላም ግማሽ ቀን ብቻ። እምቢ ካሉ የሚቀጥለው እግር ላይ አይሆንም» አላቸው። እናታቸው በዕድሜያቸው ሙሉ የጠበቁትን ቃል ከሰው አፍ የሰሙት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ መከረ። እሳቸው በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ዘንድ ሄደው እንዲያርፉ፣ ባለቤታቸው ፈቃድ ወስደው ማሽኖቹን እንዲይዙ፣ እናታቸው ባንኮኒው ጋ እንዲቀመጡ ተወሰነ። የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀን ግን ሰው ልብሱን ሊወስድ መምጣት ጀመረ። ሦስቱም ብረቶች ሙሉ ናቸው፤ የማን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ባለቤታቸው የኢንሹራንሱን ሰውዬ ሱፍ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሰጡ፤ ሁለቱም ረጃጅሞች ስለሆኑ። ዳይሬክተሩ ለብሰውት ወላጆች ስብሰባ ገቡ፤ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ደግሞ ወላጅ ነበሩ። «ዳይሬክተር፣ ንግግርዎ ጥሩ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ መነጽሬ ካለ ግን ያቀብሉኝ» አሏቸው ተብሎ ከተማው ሳቀ። ሱቁ ውስጥ ግን የሳቀ አልነበረም።

ስልኩ ወደ ሐይቁ ዳር ይጮህ ጀመር። እትዬ ካውያ አልጋ ላይ ሆነው «ግራጫው ከመሃለኛው ብረት፣ ከነጩ ቀሚስ ቀጥሎ» እያሉ ሱቁን በስልክ መምራት ያዙ። እህታቸው ስልኩን ነጥቃ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቀችው፤ እሳቸው የጎረቤት ስልክ ተውሰው ደወሉ። በአምስተኛው ቀን በአውቶቡስ ተመልሰው መጡ። እናታቸው በሩ ላይ ሲያገኟቸው «ልጄ፣ ሞትሽን አስከትለሽ መጣሽ» አሏቸው። «ይምጣ እማዬ» አሉ ሻንጣቸውን እያስቀመጡ፣ «ሸሚዙን ተኩሼ እሸኘዋለሁ።» ወዲያው ሽርጣቸውን አሰሩ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ሞክረዋል። ባለቤታቸው ካርዶቹን እንደገና አመጡ፤ እሳቸው እየነገሩ ባለቤታቸው እየጻፉ የመጀመሪያው ብረት ላይ ያለው ልብስ ሁሉ ካርድ ተንጠለጠለበት። አንዲት ሠራተኛም ተፈልጋ ተገኘች። በመሃል የሠርግ ወቅት ደረሰ፤ ሱቁም እስከ በሩ ሞላ። «ሠርጉ ይለፍና እንጨርሰዋለን» አሉ። ሠርጉ ሲያልፍ የተማሪዎች ምረቃ መጣ። ካርድ የተንጠለጠለባቸው ልብሶች ለባለቤቶቻቸው ተመልሰው ሲያልቁ በምትካቸው ካርድ የሌላቸው ተሰቀሉ። ሠራተኛዋም ሌላ ቦታ ገባች።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ካውያው ፊት ቆመው ሳለ ለባለቤታቸው «እስቲ ሶኬቱን ንቀልልኝ» አሉ፤ ወዲያው ወደቁ። ባንኮኒው ጋ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት፣ እትዬ ካውያ መስቀያ ለማንሳት ያጎነበሱ መስሏቸው ኮፍያቸውን እንደያዙ በትዕግሥት ጠበቁ። በአዛውንቱ የሚፈርድ የለም፤ ሁላችንም ስንጠብቅ የኖርን ነን። ሐኪም ቤት ቢወሰዱም ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈስሶ ስለነበር ሳይነቁ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ቤተሰቡ ሱቁ እንዲዘጋ ወስኖ ነበር። ሆኖም ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ። የመጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። ለቀብሩ የሚለብሱት ጥቁር ልብሳቸው ያለው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበርና ሌላ ምን ያድርጉ። ባለቤታቸው ከፈቱ። ካውያው ጋ የቆመችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃቸው ነበረች። ዛሬ እዚህ የለበሳችሁትን አብዛኛውን የተኮሰችው እሷ ናት። ማንንም «ይሄ የማነው» ብላ አልጠየቀችም። ሰዎቹ ገና በሩን ሲገፉ እጇ ብረቱ ላይ ደርሶ ነበር። አንድም አልተሳሳተችም። ሁሉም አቅፈው እየሳሟት «ቁርጥ እናቷን» አሏት፤ እሷም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አያቷ ያን ፈገግታ ከበሩ ጀርባ ሆነው አይተውታል።

ስለዚህ ቤተሰቡ በዚህ በሐዘን ቀን አንድ ልመና አለው። እናቷን የምትወዱ ሁሉ ይቺን ልጅ ስለዚህ ነገር አታመስግኗት። ሱቁ ሰኞ መከፈቱ አይቀርም፤ አባቷ ብቻቸውን ናቸው፣ ልጆቹ ይማራሉ፣ ሌላ የምናውቀው መተዳደሪያ የለም። ስትመጡ ካርድ ጠይቋት። ካርድ የለም ካለቻችሁ ልብሳችሁን ይዛችሁ ወደ ማዶው ሂዱ። ብንለምንም እንደማትሄዱ እናውቃለን፤ እኛም በእናንተ ቦታ ብንሆን እሷው ዘንድ እንመጣለን። ቢሆንም ሳይነገር ቀረ እንዳይባል ተጽፏል።

እትዬ ካውያ ወላጅ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና ስማቸውን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቋቸውን ደንበኞቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሐዘናችን ላልተለያችሁን ሁሉ እናመሰግናለን። ፈጣሪ የእሳቸውን ነፍስ ተቀምጠው በሚውሉበት ቦታ ያኑርልን፤ ለቀሩት ልጆቻቸውም ዕድሜ ይስጥልን።